ልብ ወለዱም ይጻፍ፣ ልጆቹም ይታቀፉ፣ ኳሱም ይታይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች መጻፍ ከሚወዱ፣ ቤተሰብ ካላቸውና ስፖርትን መተው ከማይሆንላቸው አንባቢያን የመጡ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ የሙሉ ቀን ሥራ አለኝ። ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ፤ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ተገትሬያለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኳስ አያመልጠኝም። ሁሉንም በየቀኑ ላዳርስ ስል ሁሉም ይበላሽብኛል። ከየቱ ልቀንስ?

መልስ፦ ከመቀነስዎ በፊት «በየቀኑ» የሚለውን ይተዉት። ሥራና ልጆች ያሉት ሰው ቀኑን ለሁሉም እኩል ማካፈል አይችልም፤ ሳምንቱን ግን ይችላል። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን ሰባት ሰዓት ቢተኙ 49 ይወጣል፤ ሥራና መንገድ 55 ቢወስድ 64 ይቀርዎታል። የ45 ደቂቃ ሩጫ ከልብስ መቀየሩ፣ ከማሟሟቁና ከገላ መታጠቡ ጋር አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል፤ ሦስቱ ቀን ሲደመር ወደ አራት ሰዓት ነው። አንድ ጨዋታ ሁለቱ አጋማሽ፣ የ15 ደቂቃው እረፍትና የባከነው ሰዓት ተደምሮ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሁለት ጨዋታ አራት ሰዓት። በሳምንት አራት ጊዜ 40 ደቂቃ መጻፍ ደግሞ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሁሉም ተደምሮ 11 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ከ64ቱ ላይ 11 ስለተነሳ ቤት አይፈርስም።

ታዲያ ጊዜው የት ይሄዳል? በእኛ ግምት ሌባው ጨዋታው ሳይሆን የጨዋታው አጃቢ ነው፦ የአሰላለፍ ወሬው፣ ከጨዋታ በኋላ ያለው ትንታኔ፣ ያዩትን ግብ በስልክ ደግሞ ማየቱ፣ ከሌላ ቡድን ደጋፊ ጋር የሚደረገው የመልእክት ሙግት። ሁለት ሰዓቱ ሳይታወቅ አራት ይሆናል። ቤተሰብም ይበልጥ የሚያዝነው ኳሱ አልቆ ዓይንዎ ከስልክ ሳይነሳ ሲቀር ነው። የሚቀነሰው ከዚያ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ይቀመጡ፤ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ይነሱ። የሳምንቱን ጨዋታ አስቀድመው መርጠው ለቤት ይናገሩ። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ከሆነ የ30 ደቂቃ ጭማሪና ፍጹም ቅጣት ምት ሊከተል ስለሚችል ሁለት ሳይሆን ሦስት ሰዓት ብለው ይንገሯቸው። «አሁን ያልቃል» እየተባለ የሚጎተት ጨዋታ፣ ርዝመቱ አስቀድሞ ከተነገረው ይልቅ ያናድዳል።

አራተኛው ምዕራፍ ላይ የተገተሩበት ምክንያት ግን ጊዜ ብቻ አይመስለንም። በተቀመጡ ቁጥር ከምዕራፍ አንድ ጀምረው እያነበቡ ያርማሉ? ከሆነ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ መቶ ጊዜ ይታሻል፣ አምስተኛው ግን አይወለድም። 40 ደቂቃውን እንዲህ ይጠቀሙበት። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ባለፈው የጻፉትን የመጨረሻ ገጽ ብቻ ያንብቡ። ሠላሳውን ወደፊት ይጻፉ፤ ቃል ቢጠፋብዎ ባዶ ቦታ ትተው ይለፉ። በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ለቀጣዩ ቀን ሁለት መስመር ማስታወሻ ይተዉ፦ ማን ይገባል? ምን ፈልጎ? ትዕይንቱን ሳይጨርሱ፣ የሚቀጥለውን እያወቁ ማቆም ይመረጣል። ምዕራፍ ጨርሶ የተነሳ ሰው በማግስቱ ባዶ ገጽ ይጠብቀዋል።

በአንድ ቁጭታ 250 ቃል ካገኙ በሳምንት 1000 ነው፤ የ50 ሺህ ቃል ረቂቅ በ50 ሳምንት ይጠናቀቃል። ልጅ የታመመበትን፣ እንግዳ የመጣበትንና ሥራ የበዛበትን ሳምንት ሲጨምሩ ዓመት ከሩብ ይበሉት። ያመለጠን ቀን ግን በማግስቱ ለማካካስ አይሞክሩ። 500 ቃል ዕዳ ይዞ የተቀመጠ ሰው 100ም አይጽፍ።

ጽሑፍና ሩጫ አንድ ጠዋት ላይ ከገጠሙ መጻፉ ይቅደም። የፍጥነት ልምምድ ከሠሩ በኋላ ቁጭ ብሎ ዓረፍተ ነገር መፈተል ከባድ ነው። ለስለስ ያለው ሩጫ ግን ለደራሲ ሲሳይ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ይውጡ፤ ለምሳሌ «ሴትየዋ በሩን ለምን አልከፈተችም?» መልሱ ሲመጣ በስልክዎ ድምፅ መቅጃ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ይናገሩት፤ በዚያው ቀንም ወደ ወረቀት ያውርዱት። ሳምንት ያደረ ቅጂ ትንፋሽና ንፋስ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ሕፃን አለኝ። ድሮ አጫጭር ልብ ወለዶች እጽፍ፣ መረብ ኳስም እጫወት ነበር። «ልጁ ሲተኛ እጽፋለሁ» እላለሁ፤ አልሆነልኝም።

መልስ፦ ያልሆነልዎት ልጁ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚተኛ ስለማይታወቅ ነው። ሁለት ዝርዝር ያዘጋጁ፤ በአሥር ደቂቃ የሚሠራና 40 ደቂቃ የሚጠይቅ። የአንድ ገጸ ባሕርይ ንግግር፣ የአንድ ክፍል ገለጻ፣ ያለፈውን አንቀጽ ማሳጠር አሥር ደቂቃ ይበቃቸዋል። ልጁ ሲተኛ ከአጭሩ ዝርዝር ይጀምሩ፤ እንቅልፉ ከረዘመ ወደ ረጅሙ ይለፉ። እርስዎም እንቅልፍ ካጠረዎት ግን አብረውት ይተኙ፤ ታሪኩ አይሸሽም።

ረጅሙን ሰዓት ከትዳር ጓደኛዎ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ቆርጠው ይያዙት፤ ለእሱም ያንኑ ያህል ይኑረው። ያን ሰዓት ከቤት ወጥተው ይጠቀሙበት። በሩ ተዘግቶ እናት ውስጥ እንዳለች የሚያውቅ ሕፃን በሩን ማንኳኳቱን አይተውም።

ወደ መረብ ኳስ ሲመለሱ ዝላዩን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። በእርግዝናና በወሊድ የላሉት ከዳሌ ሥር ያሉ ጡንቻዎች ናቸው። በእግር ጉዞና በጡንቻ ማጠንከሪያ ይጀምሩ፤ ቀጥሎ ቀላል ሩጫ፣ ከዚያ ዝላይ። ሽንት ካመለጠዎት፣ ወደ ታች የሚጫን የክብደት ስሜት ወይም ሕመም ካለ ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ። «ወልዳለችና ያለ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ሕክምና አለው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አንድ ታሪኬ ውስጥ ራሷን አገኘችና ተቀየመች። ስሟን ቀይሬው ነበር።

መልስ፦ ስም መቀየር አይበቃም፤ ሰውን የሚያሳብቀው አነጋገሩና ልማዱ ነው። በሩን ቆልፋ፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ፣ ተመልሳ መያዣውን የምትነካው ባለቤትዎ ከሆነች ያንን ልማድ ለአንድ ሽማግሌ የመጋዘን ጠባቂ ይስጡት። ልማዱ ለታሪኩ ይቀራል፣ ባለቤትዎ ትወጣለች። ቢያንስ ሦስት ነገር ይለዋወጥ፦ ዝምድናው፣ ቦታው፣ የድርጊቱ መዘዝ። ከሦስቱ አንዱን እንኳ መለወጥ አልችልም ካሉ፣ የጻፉት ልብ ወለድ ሳይሆን የቤት ውስጥ ክስ እንዳይሆን ይመርምሩት።

ከመታተሙ በፊት የሚመለከታትን ክፍል ያስነብቧት፤ ጥያቄውም «ወደድሽው?» ሳይሆን «ይህ እንዲወጣ ትፈቅጃለሽ?» ይሁን። ልጆች በምስጢር የነገሩዎትን ግን ምንም ቢለውጡት አይጻፉት፤ አድገው ያነቡታል።

ጥያቄ፦ ስፖርት እወዳለሁ፤ በታሪኬ ውስጥ የኳስ ጨዋታ ስጽፍ ግን የሬዲዮ ዘገባ ይሆንብኛል።

መልስ፦ «በ63ኛው ደቂቃ ከግራ መስመር የተሻገረለትን ኳስ በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረ» ለጋዜጣ ይበቃል። ዘጋቢው ሜዳውን በሙሉ ያያል፤ ገጸ ባሕርይዎ ግን ከቆመበት ቦታ ብቻ ነው የሚያየው። ፍጹም ቅጣት ምትን እንውሰድ። ኳሱ ከግቡ መስመር 11 ሜትር ይርቃል፤ ግቡ 7.32 ሜትር ስፋት፣ 2.44 ሜትር ከፍታ አለው። ኳሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢበር ግቡ ጋ ለመድረስ 0.4 ሴኮንድ ይበቃዋል። ስለዚህ ግብ ጠባቂው ኳሱን አይቶ ሊዘል ጊዜ የለውም፤ ቀድሞ መወሰን አለበት። ታሪኩ ያለው እዚያ ውሳኔ ላይ ነው፦

«ኳሱን አላየውም። ያየው ከኳሱ አጠገብ ያረፈውን የመቺውን ግራ እግር ነው፤ ጫማው ወደ ቀኝ ዞሯል። ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ዞሮ ነበር። ዘለለ።»

ግቡ ገባ አልገባ በኋላ ይደረስበታል። በአንድ ታሪክ ውስጥ ጨዋታውን ከሁለት ቅጽበት በላይ አይግለጹት፤ የቀረውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለፉት።

ስፖርት አዋቂ አንባቢ መጽሐፉን የሚዘጋው ግን በጥቃቅን ስህተት ነው። ከእጅ ውርወራ፣ ከማዕዘን ምት ወይም ከግብ ምት (ኳሱ በግቡ መስመር ሲወጣ ከግቡ ክልል ከሚመታው) በቀጥታ ኳስ የደረሰው ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ አይባልም። በይፋዊ ውድድር ተቀይሮ የወጣ ተመልሶ አይገባም። ሩጫ ከሆነም፣ 10 ሺህ ሜትር በመም ላይ 25 ዙር ነው። 5 ሺህ ደግሞ 12 ዙር ተኩል ስለሆነ መነሻው ከመጨረሻው መስመር ማዶ ነው፤ ሯጮቹን ከአንድ መስመር አስነስተው እዚያው እንዳይጨርሱብዎ። ደወሉም የሚደወለው የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ነው።

ጥያቄ፦ ለማራቶን ተመዝግቤያለሁ። በዚያው ወር የልብ ወለዴን ረቂቅ ለአሳታሚ ማስረከብ አለብኝ። ሁለቱን እንዴት ላስኬድ?

መልስ፦ አንዱን ያራዝሙ። የማራቶን ዝግጅት ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ይወስዳል፤ ረጅሙ ሩጫ ብቻውን ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ሲሄድ ድካሙ ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውላል፤ የመጨረሻ እርማት ደግሞ ንቁ ዓይን ይጠይቃል። ሁለቱ ቢያንስ በስድስት ሳምንት ይራራቁ። ረቂቁ ከቀደመ፣ በዚያ ጊዜ ሩጫውን ወደ ሁለት ቀን ያውርዱት፤ አንዱ አጭርና ፈጣን፣ ሌላው መካከለኛ። ፍጥነቱ እስካልወረደ ድረስ ብቃትዎ ለጥቂት ሳምንታት ብዙም አይጎድልም። ሩጫው ከቀደመ ደግሞ፣ ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ልምምዱ ስለሚቀንስ ትርፍ ሰዓት ያገኛሉ። ያንን ወደ ረቂቁ አያዙሩት፤ ለወራት ቅዳሜ ጠዋቱን የወሰዱበት ቤተሰብ ቀድሞ ወረፋ ይዟል።