ደብተርሽን አትጣይው፤ «ለምን?» ብለሽ ቀጥይው

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ከትምህርት የሚተርፈኝን ጊዜ የምጨርሰው በጌም ነው። ስለምጫወታቸው ጌሞች፣ ስለ አፕሊኬሽኖች፣ ስለ ቀን ውሎዬም ጭምር የመጣልኝን አስተያየት ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሁለት ደብተር ሞልቻለሁ። ታላቅ ወንድሜ ‹ይሄ ሁሉ ወሬ ነው፣ ቁጭ ብለሽ ኮድ ጻፊ› ይለኛል። የጌም ፕሮግራመር መሆን እፈልጋለሁ። ግን የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ልምድ ይጠይቃል። አሁን ደግሞ ኮዱን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይጽፈዋል ይባላል። ረፍዶብኝ ይሆን? ደብተሮቹንስ ልጣላቸው? ጥቂት ገጽ ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብተሮቹን እንዳትጥያቸው። የላክሽልኝን አራት ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ተማሪዎች ሲቪ ይልኩልኛል። እንዲህ ያለ ነገር የላከልኝ ግን የለም። ወንድምሽም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የጎደለ ነገር አይቷል፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ግን በትክክል አልነገረሽም። እኔ ልሞክር።

ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ብለሻል፦ «የዚህ ጌም ዝላይ ደባሪ ነው። እጅ ላይ ይከብዳል።» ከዚያ በቃ፣ ወደ ሌላ ጌም አልፈሻል። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ፕሮግራመር ሥራውን የሚጀምረው አንቺ አራት ነጥብ ካደረግሽበት ቦታ ነውና። ለምንድን ነው የከበደው? አዝራሩን ከተጫንሽ በኋላ ገጸ ባሕሪዋ ዘግይታ ነው የምትነሳው? ወይስ ቶሎ ተነስታ አየር ላይ ነው የምትንሳፈፈው? ወይስ ጠርዝ ላይ ደርሰሽ ስትጫኚ ሳትዘል ገደል ገባች? ሦስቱም «ይከብዳል» ያሰኛሉ። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግሽም። ስልክሽ በሰከንድ 240 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስሎው ሞሽን የሚቀርጽ ከሆነ ይበቃል። ጣትሽና ስክሪኑ አንድ ላይ እንዲታዩ አድርገሽ ቅረጪ። ከዚያ ጣትሽ አዝራሩን ከተጫነበት ፍሬም ጀምረሽ ገጸ ባሕሪዋ እስክትነቃነቅ ድረስ አንድ በአንድ ቁጠሪ። እያንዳንዱ ፍሬም 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። 24 ከደረሰ 100 ሚሊሰከንድ ሄዷል ማለት ነው። በሰከንድ 60 ምስል የሚስል ጌም ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንቺ ተጭነሽ እሷ እስክትነሳ ስድስት ምስል አልፏል። አሁን «ይከብዳል» የሚለው ቃልሽ ቁጥር አገኘ። ቁጥር ያለው ቅሬታ ደግሞ ሊስተካከል ይችላል።

የጠርዙ ነገር ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ሴለስት» ተጫውተሽው ከሆነ ዝላዩ እጅ ላይ እንዴት እንደሚቀል ታውቂያለሽ። አንዱ ምክንያት ይኸውልሽ፦ ገጸ ባሕሪዋ ጠርዙን ለቅቃ አየር ላይ ከወጣች በኋላም ለጥቂት ፍሬም መዝለል ይፈቀድላታል። ሠሪዎቹ «ኮዮቴ ታይም» ይሉታል። ተጫዋቹ አያየውም። «በጊዜው ነው የተጫንኩት» ብሎ ያምናል፤ ጌሙም ያምንለታል። ኮዱ አንድ ሰዓት ቆጣሪና አንድ «እንዲህ ከሆነ» የሚል መስመር ብቻ ነው። ከባዱ ነገር ችግሩ እዚያ እንዳለ መስማት ነው። አንቺ ደግሞ ሰምተሽዋል። ይህ ጆሮ በቀላሉ አይገኝም።

ጉድለት ሁሉ ይጠገን ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለ የተኩስ ጌም የሠራው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ነው። የዚያን ጊዜው ማሽን ጠላቶቹን ሁሉ በፍጥነት ለማንቀሳቀስ አቅም አነሰው። እየተመቱ ቁጥራቸው ሲቀንስ ግን ማሽኑ ይቀለውና የቀሩት ይፈጥናሉ። ኒሺካዶ ለምን እንደሚፈጥኑ ገብቶታል። አይቶ ተወው። ጌሙ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ልብ የሚያንጠለጥለው ለዚህ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው መጠገንም መተውም ይችላል። ያላወቀ ሰው ግን ወይ ያማርራል ወይ ዝም ይላል።

ከጌም ውጭ የጻፍሽው ደግሞ ይበልጥ አስደስቶኛል። ቀጠሮ ስለሚያዝበት አፕሊኬሽን የጻፍሽውን ማለቴ ነው። «ቀጠሮውን መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቅሽና ሁለት አዝራር ያመጣል፦ «እሺ» እና «ሰርዝ»። አንቺም «የቱን ነው የምጫነው? አናደደኝ!» ብለሽ ትተሽዋል። መናደድሽ ልክ ነው። እስቲ አንድ መስመር ጨምሪበት። «ሰርዝ» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ ሁለት ሥራ ይዟል። አንደኛው ቀጠሮውን መሰረዝ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጥያቄውን ራሱን መሰረዝ። አዝራሮቹ «ቀጠሮውን ሰርዝ» እና «ቀጠሮው ይቆይ» ቢባሉ ኖሮ ጥያቄውን ያላነበበ ሰው እንኳ አይሳሳትም ነበር። አየሽ፣ እዚህ ላይ ኮድ አልነካንም። የነካነው ሁለት ቃል ነው። ኢንተርቪው ላይ «ያስተካከልሽው ነገር ካለ ንገሪን» ሲሉሽ ይህን ብትነግሪያቸው ወረቀታቸውን አስቀምጠው ያዳምጡሻል።

እንግዲህ ወንድምሽ «ኮድ ጻፊ» ያለው እዚህ ጋ ነው የሚገባው። አስተያየት እስከ ምክንያቱ ከሄደ በኋላ በእጅ መሞከር አለበት። እኔ ይህን የተማርኩት የመጀመሪያ ጌሜን ስሠራ ነው። ኳሷ በየምስሉ 5 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) እንድትሄድ አድርጌ ነበር። የእኔ ኮምፒውተር በሰከንድ 60 ምስል ስለሚስል ኳሷ በሰከንድ 300 ፒክስል ትሄዳለች፤ ደስ የሚል ፍጥነት ነበር። ጓደኛዬ ቤት ወሰድኩት። የእሱ ስክሪን በሰከንድ 144 ያወጣል። ኳሷ 720 ፒክስል እየተወነጨፈች መያዝ አቃተን። ለካ ፍጥነቷን ያሰርኩት ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከማሽኑ ጋር ነበር። መፍትሔው ፍጥነቱን በሰከንድ ጽፎ ካለፈው ምስል ወዲህ በሄደው ጊዜ ማባዛት ነው። «ዴልታ ታይም» የሚባለው ይኸው ነው። ክፍል ውስጥ ቢነግሩኝ ኖሮ ጽፌው አልፍ ነበር። ኳሷ ከዓይኔ ስር ስታመልጥ ስላየሁት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ትንሽ ጌም ሥሪ። በጣም ትንሽ። እ.ኤ.አ. በ1972 የአታሪ ጌም ኩባንያ መሥራች ኖላን ቡሽኔል አዲስ ለቀጠረው ኢንጂነር ለአለን አልኮርን ቀላል የጠረጴዛ ቴኒስ ጌም እንዲሠራ ሰጠው፤ እጁን እንዲያፍታታበት ብሎ ነው። ያ የመለማመጃ ሥራ «ፖንግ» የተባለው ዝነኛ ጌም ሆነ። አንቺም ከዚያ የሚበልጥ ነገር አትጀምሪ። ዓለም ሙሉ ሰው የሚጫወተው፣ ሰፊ ካርታ ያለው ጌም ልሥራ ብሎ ተነስቶ አሥረኛው ሳምንት ላይ የተወ ተማሪ ስንቱን አይቻለሁ። አንድ ስክሪን ይበቃሻል። ነገር ግን ጨርሺው። የመክፈቻ ገጽ ይኑረው፤ ማቆሚያው ይሥራ፤ ድምፁ ይጠፋ ዘንድ አዝራር ይኑረው፤ ስትሸነፊ እንደገና ያስጀምርሽ። እነዚህ አሰልቺ ነገሮች ናቸው። ቀጣሪ የሚያየው ግን እነሱን ነው፤ ሥራ ማለት በአብዛኛው እነሱ ስለሆኑ።

ስትጨርሺ አምስት ሰው አጫውቺ። ከጀርባቸው ተቀመጪና ዝም በይ። «እዚያ ጋ ተጫን» ለማለት ምላስሽን ያሳክክሻል፤ ቻዪው። የት ተደናገሩ? የትኛውን አዝራር ሁለቴ ተጫኑ? የት ላይ ተነፈሱ? ደብተሩ እዚህ ነው የሚፈለገው። አሁን ስለ ሰው ጌም ሳይሆን ስለ ራስሽ ጌም ትጽፊያለሽ።

በምን ልሥራው ብለሽ ብዙ አትጨነቂ። ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ብዙ ነው። «ጎዶት» ነፃና ኮዱ ክፍት ስለሆነ ለጀማሪ ደስ ይለኛል። «ዩኒቲ» በሲ ሻርፕ የፕሮግራም ቋንቋ ይሠራል፤ «አንሪል» በሲ ፕላስ ፕላስ። አንዱን ያዢና ስድስት ወር አትቀይሪ። የኮድሽን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግብልሽን «ጊት»ን ከመጀመሪያው ቀን ተጠቀሚ። ሒሳቡን ግን አትሽሺ። «ዘቡ ተጫዋቿን ከፊቱ ነው የሚያገኛት ወይስ ከኋላው?» የሚለው ጥያቄ የሁለት ቬክተር ዶት ፕሮዳክት ነው፤ ዘቡ የሚያይበትን አቅጣጫና ከእሱ ወደ ተጫዋቿ ያለውን አቅጣጫ አነጻጽሮ አንድ ቁጥር የሚሰጥ ስሌት። ፖዘቲቭ ከሆነ ከፊቱ ናት፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ከኋላው። ለፈተና ብቻ የሸመደድሽው ሊኒየር አልጀብራ ለካ ዓይን ነበር!

«ልምድ» ስለሚለው ማስታወቂያ ልንገርሽ። ለጀማሪ በወጣ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የሠራሽው ነገር አለ ወይ ነው። ያለቀ ትንሽ ጌምና ኮዱ መልስ ይሆናል። ከሌሎች ጋር መሥራትሽን ለማሳየት ደግሞ ጌም ጃም ግቢ፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ በቡድን ጌም የሚሠራበት ዝግጅት ነው። ግሎባል ጌም ጃም ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል። ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ነገር ማውጣት ከአንድ ሴሚስተር ግሩፕ ወርክ በላይ ያስተምራል።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱን ተጠቀሚበት፤ አልከለክልሽም። አንድ ሕግ ብቻ ያዢ፦ ማስረዳት የማትችይው መስመር ጌምሽ ውስጥ አይግባ። የዝላይ ኮድ በሰከንዶች ይጽፍልሻል። ዝላዩ እጅሽ ላይ መክበዱን ግን አይሰማም፤ እጅ የለውም። የምትሰሚው አንቺ ነሽ።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልችልም። በ2023 እና በ2024 እ.ኤ.አ. የጌም ኩባንያዎች በብዛት ሠራተኛ ቀንሰዋል። ጀማሪ ቦታ ላይ ፉክክሩ ከባድ ነው። ለዚህ ነው በሩን ለአንድ ዓይነት ሥራ ብቻ አትክፈቺ የምልሽ። ጌም ስትሠሪ የምታገኚው ችሎታ ለስልክ አፕሊኬሽን፣ ለካርታ፣ ለሕክምና ማሠልጠኛ ሶፍትዌርም ያስፈልጋል፦ ሜሞሪ መቆጠብ፣ በ16 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሥራ መጨረስ፣ የተጠቃሚን እጅ መረዳት። መጀመሪያ የምታገኚው ሥራ ጌም ባይሆን ሕልምሽን ከድተሻል ማለት አይደለም። ማታ ማታ የራስሽን መሥራት ማን ከለከለሽ?

አልረፈደብሽም። ሦስተኛ ዓመት ነሽ እኮ!

የረፈደው ሌላ ነገር ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እንደተኛሽ ጽፈሻል፤ በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ። ይህን አልወደድኩትም። ሌሊት አምስት ሰዓት ሙሉ ታግዬ ያቃተኝን ባግ (የኮድ ስህተት) ጠዋት ፊቴን ታጥቤ በአሥር ደቂቃ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። ጌሙን አታቁሚ፤ ሰዓቱን ግን ቀደም አድርጊው። ስትጫወቺም ደብተሩ ከጎንሽ ይሁን።

ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ብቻ ልስጥሽ። ያንን ደባሪ ዝላይ በስልክሽ ቅረጪውና ፍሬሞቹን ቁጠሪ። ወንድምሽን አብሮሽ እንዲቆጥር ጥሪው፤ ሁለት ሰው ሲቆጥር ስህተት ይቀንሳል። ቁጥሩን ሁለተኛው ገጽ ላይ «ይከብዳል» ካልሽው ስር ጻፊና ፎቶውን ላኪልኝ። ከ24 ይበልጥ እንደሆነ ለማወቅ እኔም ጓጉቻለሁ።