የቪክቶሪያ ዘመን ልብ ወለድ ለምታነቡ ወጣቶች፦ መጀመሪያ ዓመቱን ጠይቁ

ልጆቼ፣ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ልብ ወለድ ስታነቡ ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ላይ ትቆማላችሁ፦ «ይቺ ሴት ባሏ እንዲህ ሲያደርጋት ለምን ጥላው አትሄድም?» ጥያቄው ደግ ነው። መልሱን ከሴትየዋ ጠባይ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ግን የመጽሐፉን ግማሽ ያጣል። መልሱ ያለው በሕጉ ውስጥ ነው። ደራሲው ደግሞ የዘመኑ አንባቢ ሕጉን ያውቀዋል ብሎ ሳያብራራው ያልፋል።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ዓመቶችን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ መጽሐፉ የታተመበትን እና ታሪኩ የሚፈጸምበትን (የምጠቅሰው ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። የጆርጅ ኤልየት ልብ ወለድ «ሚድልማርች» የታተመው በ1871 እና በ1872 ነው፤ ታሪኩ ግን በ1829 ጀምሮ በ1832 ገደማ ያበቃል። በዚያ መካከል ሕጉ ተለውጧል፤ ገጸ ባሕርያቱን በታተመበት ዓመት ሕግ የሚዳኝ ይሳሳታል።

መነሻው እንዲህ ነበር። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው የሚለውን ቃል የእንግሊዝ ሕግ እስከ ንብረት ድረስ ወሰደው፤ ያገባች ሴት ሕጋዊ ሰውነቷ በባሏ ውስጥ ተጠቀለለ። ገንዘቧ፣ ጌጧ፣ ልብሷና ሠርታ ያገኘችው ደመወዝ የባሏ ሆነ። መሬት ካላት ያለ ፈቃዷ ሊሸጠው አይችልም፤ ኪራዩን ግን እሱ ይሰበስባል። በስሟ ውል መዋዋልም፣ ብቻዋን መክሰስም አትችልም። ልጆቹም የአባት ነበሩ።

ይህ ቀስ በቀስ ተሸረሸረ። በ1836 ባሏ ሦስት ወንዶች ልጆቿን የነጠቃት ጸሐፊዋ ካሮላይን ኖርተን ባደረገችው ትግል የ1839 ሕግ ወጣ፤ እናት ዝሙት ካልተፈረደባት ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆቿን ለማሳደግ ለፍርድ ቤት ማመልከት ቻለች። የ1857ቱ ሕግ የፍቺ ፍርድ ቤት አቋቋመ። የ1870ው ደመወዟን ለራሷ አደረገላት፤ የ1882ቱ፣ ከ1883 መባቻ ጀምሮ፣ ንብረቷን በሙሉ።

አሁን የአን ብሮንቴን «ዘ ቴናንት ኦቭ ዋይልድፌል ሆል» ክፈቱ። የታተመው በ1848 ነው፤ ታሪኩ የሚፈጸመው ግን በ1820ዎቹ፣ ከ1839ኙ ሕግ በፊት ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሄለን ከባሏ ሸሽታ ሥዕል እየሸጠች ልጇን ልታሳድግ ስትዘጋጅ ባሏ ቁልፏን፣ ገንዘቧንና ጌጧን ይወስዳል፤ የሥዕል ዕቃዋንም እሳት ውስጥ ይከተዋል። ትዕይንቱ የጭካኔ ብቻ ይመስላል። የሚያስደነግጠው ግን በሕግ ፊት የገዛ ንብረቱን ማቃጠሉ መሆኑ ነው። ካመለጠች በኋላ ስሟን የምትለውጠውና በሥዕሏ ላይ የሐሰት የቦታ ስም የምትጽፈውም ለዚህ ነው፦ ከተገኘች ልጁም የሥዕሉም ዋጋ የባሏ ናቸው።

ሀብታሞች ግን መሸሸጊያ ነበራቸው። የልጅቱ ወገን ከሠርጉ በፊት ውል አስጽፎ ገንዘቧን በባለአደራዎች እጅ ያኖርላታል። ይህ ውል የተጠቀሰበትን ገጽ እንዳትዘሉት አደራ እላችኋለሁ፤ አሰልቺ የሚመስለው ያ ገጽ ብዙ ጊዜ የታሪኩ ሞተር ነው። በዊልኪ ኮሊንስ «ዘ ውማን ኢን ዋይት» ውስጥ የሙሽራይቱ የላውራ 20,000 ፓውንድ ልጅ ሳትወልድ ከሞተች ለማን ይሁን የሚለው ክርክር ይነሳል። የቤተሰቡ ጠበቃ በኑዛዜዋ ይታደል ይላል፤ የሙሽራው ወገን ለባሏ ይሁን ይላል። እሷ 21 ዓመት ስላልሞላት የሚወስነው አሳዳጊ አጎቷ ነው፤ እሱ ደግሞ ሊጨነቅበት አልፈለገም፤ ስለዚህ የሙሽራው ወገን ያለው ጸና። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወንጀል በሙሉ ከዚያች አንቀጽ ይፈልቃል። የሞቷን ዋጋ ወረቀቱ ላይ ቆጥረው አስቀምጠውታልና።

እኛ አማርኛ አንባቢዎች በተለይ የምንሰናከልባቸው ቃላት አሉ። የእንግሊዟ ሙሽራ ይዛው የምትገባውን ገንዘብ «ጥሎሽ» ብላችሁ አትተርጉሙ፤ ጥሎሽ ሙሽራው ለሙሽራይቱ የሚያመጣው ነው፤ በዚያ አገር ግን ገንዘቡ የሚሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የሰማንያ ጋብቻን የጋራ ንብረት በልባችሁ ይዛችሁም አታንብቡ። በዚያ ሕግ «የጋራ» የሚባል አልነበረም፤ በውል ካልተጠበቀ የእሱ ነው።

ሦስተኛው ቃል ራሱ «ፍቺ» ነው። ከ1857 በፊት የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት የሚሰጠው ተለያይቶ የመኖር ፈቃድ ብቻ ነበር፤ ሌላ ማግባት አይፈቅድም። ጋብቻውን አፍርሶ ሌላ ለማግባት ፓርላማው ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ሕግ ማውጣት ነበረበት። በዲከንስ «ሃርድ ታይምስ» (1854) ሸማኔው እስቲፈን ብላክፑል ከትዳሩ መውጫ ቢጠይቅ አሠሪው ደረጃዎቹን ይዘረዝርለትና ከ1,000 እስከ 1,500 ፓውንድ፣ ምናልባትም እጥፉን እንደሚፈጅ ይነግረዋል። በሽመና ደመወዝ ይህ የማይታሰብ ነው። ሁለቱንም ዓይነት «ፍቺ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የእስቲፈንን ጭንቅ ይሰርዘዋል፤ ለአንደኛው «ተለያይቶ መኖር» በሉት።

ከ1857 በኋላም ሚዛኑ ዘንበል ያለ ነበር። ባል የሚስቱን ዝሙት ብቻ ካስረዳ ይፈታል። ሚስት ግን ከዝሙቱ ጋር ጭካኔን፣ ወይም ሁለት ዓመት ጥሏት መጥፋቱን፣ ወይም ሌላ ከባድ ጥፋት ማስረዳት ነበረባት፤ ይህ እስከ 1923 ቆየ። ስለዚህ በ1860ዎቹ ልብ ወለድ ባል ሲማግጥ ሚስቲቱ ዝም ካለች፣ ወደኋላ ተመልሳችሁ መትቷት እንደሆነ፣ ጥሏት ጠፍቶ እንደሆነ፣ የዓይን ምስክርም እንዳላት ፈልጉ።