ጽዋው እኔ ቤት ነው

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነኝ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር። በ2014 አሜሪካ አገራችንን ያለ ቀረጥ ከምንልክበት ከአጎዋ ስታስወጣ ትእዛዝ ቀነሰና ከሥራ ከወጡት አንዷ ሆንኩ። ያኔ ብዙም አልደነገጥኩም። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፣ እኔም መናኸሪያ አካባቢ ሻይ ቡና ጀመርኩ። ተመስገን እያልን እንኖር ነበር።

ባለፈው ጥቅምት 19፣ የገብርኤል ማኅበራችን ላይ ጽዋው ለእኔ ደረሰኝ፤ የቀጣዩ ወር ተረኛ ደጋሽ ሆንኩ ማለት ነው። በእልልታ ተቀብዬ ይዤ ገባሁ። በሳምንቱ ባጃጁ ተገልብጦ ባለቤቴ እግሩን ሁለት ቦታ ተሰበረ። ያጠራቀምነው በሙሉ ለሕክምና አለቀ። ባጃጁ የሰው ስለሆነ የማሠሪያው ዕዳም እኛው ላይ ነው። እሱን የሚያስታምም ሌላ ሰው ስለሌለ ሻይ ቡናውን ተውኩት።

ኅዳር 19 ደረሰ። ለማኅበርተኛው ዳቦ የምደፋበት ዱቄት አልነበረኝም። አሞኛል ብዬ ላክሁ። ታኅሣሥም እንዲሁ አለፈ። አሁን ሲደውሉልኝ ስልክ አላነሳም። ጽዋው በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ልጄ «እማዬ፣ ጽዋውን መቼ ነው የምናወጣው?» ስትለኝ መልስ የለኝም።

በታኅሣሡ ንግሥ ብቻዬን ሄጄ ከሕዝቡ ኋላ ቆምኩ። ድሮ ታቦቱ ሲወጣ እንባዬ ቀድሞኝ ነበር የሚመጣው። ዘንድሮ ምንም አልተሰማኝም። እንደ ድንጋይ ቆሜ ተመለስኩ። ጥምቀትን ከቤት አልወጣሁም። ለአንዲት ጎረቤቴ ብነግራት «እምነትሽ ስለላላ ነው፤ ያመነ ሰው እንዲህ አይጨነቅም» አለችኝ።

ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። አንዳንዴ ተኝቼ ባልነሳስ እላለሁ። እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን? በእሱ መናደዴስ ኃጢአት ነው?

ጽዋው ያለብኝ፣ ከሐዋሳ

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት በደብዳቤሽ መጨረሻ አካባቢ ከጻፍሽው ልጀምር። «ባልነሳስ» ያልሽው ነገር እንዲሁ አይታለፍም። ዛሬ ለባለቤትሽ ንገሪው። እግሩ ነው የተሰበረው፣ ጆሮው ይሰማል። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂጂና እንቅልፍ ማጣትሽንም ይህንንም ሳትደብቂ ተናገሪ። ሐሳቡ ከበረታብሽ ደግሞ ብቻሽን አትሁኚ፤ ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሺና ወደ ሐኪም ቤት ይዞሽ ይሂድ። ሐኪም ዘንድ መሄድ ከእምነት መጉደል አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። ጸበሉም ይቀጥል፣ ሕክምናውም ይቀጥል።

ይህን ቃል የተናገርሽው ደግሞ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ኤልያስ በረሃ ገብቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰዳት» ብሏል። ነቢዩ ኤልያስ! እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩ ምን እንዳደረገ ልብ በዪ። አልገሠጸውም። እምነትህ የት ሄደ አላለውም። ቀስቅሶ «ተነሥተህ ብላ» አለው። ራስጌው አጠገብ እንጎቻና በማሰሮ ውሃ ነበር። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። ወደ እግዚአብሔር ተራራ ወደ ኮሬብ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። የደከመ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ፈጣሪው ያውቃል።

ጎረቤትሽ ክፋት አስባ የተናገረች አይመስለኝም። ግን ተሳስታለች። ያመነ ሰው አይጨነቅም ከተባለ ጌታችንን የት ልናደርገው ነው? በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ አዘነች» ብሏል። ላቡ እንደ ደም ወርዷል። ደግሞ ብቻውን መሆን አልፈለገም። ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ወስዶ አብራችሁኝ ንቁ ብሎ ለመናቸው። እሱ ሰው አጠገቤ ይኑር ካለ፣ አንቺ ስልክ ዘግተሽ ለምን ብቻሽን ትሸከሚዋለሽ?

በእግዚአብሔር መናደድ ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ ዳዊት ትደግሚ እንደሆነ 87ኛውን አውጪ። በሌላው አቆጣጠር 88ኛው ነው። ሌት ተቀን እጮኻለሁ ብሎ ይጀምራል። ለምን ፊትህን ትመልስብኛለህ ብሎ ይጠይቃል። ሌሎቹ መዝሙሮች ብዙውን ጊዜ መጨረሻቸው ላይ ምስጋና አለ። ይሄኛው የለውም፤ ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ ያበቃል። ቤተ ክርስቲያን ግን አላወጣችውም። ካህናቱም ምእመናኑም ስንት ዘመን ሲደግሙት ኖረዋል። የተናደድሽውን ለእሱ ብትነግሪው ጸሎት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ማለትሽ ነው። ረጅም ጸሎት አልሆን ካለሽ መቁጠሪያሽን ያዢና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ። የተለመደው 41 ጊዜ አልሞላ ካለ፣ የሆነልሽን ያህል። ምንም ባይሰማሽም በዪው። ንግሥ ላይ እንደ ድንጋይ ቆሜ ተመለስኩ አልሽኝ፤ እኔ የማየው ግን ሰው ሸሽታ እንኳ ታቦቱን ያልሸሸች ሴት ነው።

የዚያን ዕለት የተሰበከውን የሠለስቱ ደቂቅን፣ እሳት ውስጥ የተጣሉትን የሦስቱን ወጣቶች ታሪክም ታውቂዋለሽ። ለንጉሡ አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ «ባያድነንም» ብለው ጨምረዋል። ይህቺን ቃል ብዙ ሰው ዘሏት ያልፋል። መልአኩም የወረደላቸው እዚያው እሳቱ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ጽዋው። ልቤን የነካው እሱ ነው።

እናቴ ማኅበርተኛ ነበረች። ልጅ ሆኜ ተከትያት እሄድ ነበር። አንድ ጊዜ ተረኛዋ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያቀረበችው ንፍሮና ውሃ ብቻ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ቆማ ነበር። ቄሱ ተነሥተው እንደ ወትሮው ጸሎት አደረጉ፣ ባረኩ፣ ንፍሮውን ዘግነው «ይህን ቤት ይባርክ» አሉ። ሁሉም በላ። ማንም አንድ ቃል አልተናገረም። በማግስቱ እናቴ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አሸክማ ስትወጣ አየሁ። ከሌላ ቤት ደግሞ በርበሬና ዘይት ሄደ። ማኅበር ማለት ለእኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይሄ ነው። ድግሱ የመጣው በኋላ ነው፤ አሁንማ ፉክክር ሆኖ ስንቱን ሰው ከጽዋው እያራቀው እንደሆነ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ለማኅበሩ ሙሴ፣ ለመሪው፣ ደውዪ። አሞኛል አትበዪ። ባሌ ተሰብሮ ተኝቷል፣ ቤቴ ባዶ ነው፣ ጽዋው ግን እኔ ጋ ነው በያቸው። ይህን ብቻ። እዚህ ላይ ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደለም። ለየካቲት 19 ንፍሮም ቢሆን ይበቃል። ወይም እነሱ ዳቦውን ደፍተው ይምጡ፣ አንቺ ቤቱን አዘጋጂ። ለነፍስ አባትሽም እንዲሁ ንገሪያቸው፤ የታመመ ቤት መጥተው ጸሎት ማድረግ የእሳቸው ሥራ ነው። የባጃጁን ባለቤት ስታነጋግሩ ደግሞ አንድ የተከበረ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። ዕዳው በየወሩ ትንሽ በትንሽ እንዲከፈል ይለመን። ብቻችሁን አትሂዱ።

ለልጅሽም መልስ አለሽ። «ለየካቲት ገብርኤል» በያት። ጨርቁን አብራችሁ እጠቡት።

የክርስትና ስምሽንና የባለቤትሽን ላኪልኝ። በጸሎት እንዳስባችሁ።