"በሽተኛ ካልነካሁ ጃፓን ምን ልሠራ እሄዳለሁ?" ላለችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከተረኛነት ስወጣ አነበብኩት። የአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነሽ፤ ከስምንት ወር በኋላ ለአራት ሳምንት የክሊኒክ ልምምድ ጃፓን የመሄድ ዕድል አግኝተሻል። "በሽተኛ መንካት አይፈቀድም፣ ጃፓንኛም አልችልም፣ ታዲያ የቤተሰቤን ገንዘብ ለምን ላባክን?" ብለሽ ጠይቀሻል። ብዙዎቹ መላሾች ለሽርሽር ካልሆነ አይጠቅምሽም ብለውሻል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር ናጋሳኪ ከተማ በሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አራት ሳምንት ቆይቻለሁ። ዛሬ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) ነኝ፤ ያን ወር የተማርኩትን የማልጠቀምበት ቀን የለም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የሰማሽው ትክክል ነው። ደም አትቀጂም፣ ካቴተር አታስገቢም፣ ቁስል አትሰፊም። እኛ ገና በሌሊት ተነሥተን የዋርዱን ደም ቀድተን፣ ውጤቱን ከላቦራቶሪ ለቅመን ራውንድ (ሐኪሞች በየአልጋው እየዞሩ በሽተኞችን የሚያዩበትን ጉብኝት) የምንጠብቅ ተማሪዎች ስለሆንን ይህ ከባድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከሰባት ሰው ኋላ እጄን ጋዋን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ስቆም የተቀጣሁ ያህል ተሰምቶኝ ነበር።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ የኢንዶስኮፒ ክፍል፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የጨጓራን ውስጥ የሚያዩበት ክፍል ነው። እኛ ዋርድ የጨጓራ ካንሰር ይዞት የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የበላው አልረጋ ብሎት፣ ሰውነቱ አልቆ፣ እብጠቱ በእጅ እየተዳሰሰ ነው። ካንሰሩ መዛመቱን የምትጠቁመውን፣ በግራ አንገት ሥር ያበጠችውን ዕጢ ፈልጌ በማግኘቴ ጎበዝ ተብዬ የተመሰገንኩበት ቀን አለ። እዚያ ያየሁት ካንሰር ግን የትንሿን ጣቴን ጥፍር የማያህል፣ ከዙሪያው ጥቂት ቀላ ያለ ቦታ ነበር። ሐኪሟ ባታሳየኝ ኖሮ ሳላየው አልፍ ነበር። እሷ አትቸኩልም። አረፋውን በውኃ ታጥባለች፤ ከላይ እስከ ታች ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ትዞራለች፤ እያንዳንዱን ማዕዘን ፎቶ ታነሣለች። ከዚያ ኢንዲጎ ካርሚን የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ስትረጭበት የዚያች ቦታ ጠርዝ በእርሳስ የተሠመረ ያህል ጉልህ ብሎ ወጣ። ከቀናት በኋላ ሆድ ሳይከፈት፣ እዚያው ጃፓን በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ በዳበረው ዘዴ፣ በኢንዶስኮፕ ከሥሩ ገፍፈው አወጡት። ሰውየው ምንም የሕመም ስሜት አልነበረውም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 50 ዓመት ለሞላው ሰው በየሁለት ዓመቱ የጨጓራ ኢንዶስኮፒ እንደ ቅድመ ምርመራ ስለሚመከር በዚያ ምክንያት የመጣ ሰው ነበር።

ያን መሣሪያ እኔ አልነካሁትም። ዛሬ ግን የደረት ኤክስሬይ ሳነብ፣ የበሽተኛ ሆድ ስመረምር፣ የሷን መንገድ እከተላለሁ፦ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ መጀመር፣ አንድም ማዕዘን አለመዝለል፣ "ምንም የለም" ከማለት በፊት መመለስ። እጅሽ ሥራ ሲፈታ ዐይንሽ ይሠራል። ማስታወሻ ደብተር ያዢና ሐኪሙ ምን እንዳደረገ ብቻ ሳይሆን በምን ቅደም ተከተል እንዳደረገው ጻፊ።

ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ ትልቁ ጉዳይ እርሱ ነውና። ራውንዱም መዝገቡም በጃፓንኛ ነው። የበሽተኛውን መዝገብ "ካሩቴ" ይሉታል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕክምናቸውን ከጀርመን ሲማሩ የወረሱት ቃል ነው። ቋንቋውን በስምንት ወር አትለምጂውም፤ ፊደሉን ግን በሁለት ሳምንት ትለምጂዋለሽ። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ሁለቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ሆሄያት አሏቸው፤ እንደ እኛው ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አንድ ላይ ይይዛሉ፦ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። ፊደል ቆጥሮ ላደገ ልጅ ይህ ከባድ አይደለም። ካታካና የውጭ ቃላት የሚጻፉበት ስለሆነ ብዙ የመድኃኒት ስሞችን ታነቢያለሽ።

ከዚያ አርባ ያህል ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ያዢ። ክፍል ስትገቢ "ሺትሱሬይ ሺማስ" በዪ፤ ልግባ፣ ይቅርታ እንደማለት ነው። "ኢታይ ዴስ ካ" ያምዎታል ወይ ማለት ነው። ከበሽተኛ ስትለዪ "ኦዳይጂኒ" ይባላል፤ የእኛው "እግዜር ይማርዎ" ነው። እኔ ይህን ቃል በመጀመሪያው ቀን ለአንዲት አሮጊት ስላቸው ሁለት እጃቸውን አጋጥመው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። እስከዚያ ድረስ ማን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቁም ነበር።

አንድ ሌላ ቀን ደግሞ ልንገርሽ። ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና በከፊል የወጣላቸው፣ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ ነበሩ። ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ተነሥተው እንዲራመዱ ነርሷም ሬዚደንቱም ቢለምኗቸው እምቢ ብለዋል። ተራዬ ደርሶ በተማርኩት ጃፓንኛ ስሜንና አገሬን ስናገር ከትራሳቸው ቀና ብለው "አበበ!" አሉ። በ1964 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን በቴሌቪዥን ተከታትለዋል። እኔም አበበ ቢቂላ ያን ውድድር ያሸነፈው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው መሆኑን ነገርኳቸው፤ ሬዚደንቱ ተረጎመልኝ። እውነት መሆኑን እንደገና አስጠየቁ። ከዚያ እግራቸውን ከአልጋው አወረዱና የግሉኮሱን መስቀያ በአንድ እጅ፣ የእኔን ክንድ በሌላው ይዘው እስከ መስኮቱ ሄደው ተመለሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሬዚደንቱ ከኋላ አላቆመኝም፤ ወደ አልጋው አጠገብ ይጠራኝ ጀመር።

በሽተኞችሽ አዛውንት እንደሚሆኑ ከወዲሁ እወቂ። ከጃፓን ሕዝብ ከአሥሩ ሦስቱ ገደማ 65 ዓመት የሞላው ነው፤ የእኛ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ሃያ ዓመት አልሞላውም። ስለ መዋጥ ችግር፣ ስለ መውደቅ፣ ከሆስፒታል ሲወጡ ቤት ማን እንደሚጠብቃቸው የሚደረገውን ውይይት አትዝለዪ፤ እኛ ገና ያላስተማርነው ሕክምና ነው። ናጋሳኪ ከሆነ የሚደርስሽ ደግሞ ሌላም ታያለሽ። ነሐሴ 9 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. አቶሚክ ቦምቡ ሲፈነዳ የሕክምና ኮሌጁ ከፍንዳታው ሥፍራ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር፤ ከ800 በላይ መምህራን፣ ተማሪዎችና ሠራተኞች አልቀዋል፤ ክፍል ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ከነመምህራቸው። ከቦምቡ የተረፉ ሰዎች የራሳቸው የጤና ደብተር አላቸው። አንዲት እናት ያንን ደብተር ከቦርሳቸው ሲያወጡ ሐኪሙ የጠየቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄ "ያን ቀን የት ነበሩ?" የሚል ነበር። ታሪክ መጠየቅ ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ሁለት በሽተኞችን፣ ስማቸውንና መታወቂያቸውን ሳትጠቅሺ፣ በአጭሩ ለማቅረብ አዘጋጂ፤ ለምሳሌ የሩማቲክ የልብ ሕመም፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ)። እኔ የማይትራል ቫልቯ (በልብ ግራ ክፍሎች መካከል ያለው በር) ስለጠበበ አንዲት የ19 ዓመት ወጣት ተናግሬ ነበር። ተማሪዎቹ "ያለ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እንዴት ደረስክበት?" አሉኝ። መምህሩ የራሳቸውን ስቴቶስኮፕ ሰጡኝ፤ አንዱ ተማሪ አልጋ ላይ ወጣ፤ ወደ ግራ ጎኑ አስተኝቼ የስቴቶስኮፑን ደወል በልቡ ጫፍ ላይ በስሱ አሳርፌ የት እንደሚደመጥ አሳየሁ። ሁሉም በየተራ መጥተው ሞከሩ። አገራችን ያስተማረችን እጅ ዋጋ እንዳለው ያየሁት እዚያ ነው።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ። ቪዛው ከ90 ቀን ለማይበልጥ ቆይታ የሚሰጠው ነው፤ የጥሪ ደብዳቤውንና የቆይታ መርሐ ግብሩን ተቀባዮችሽ ይልኩልሻል። የዘመን አቆጣጠሩን ግን አደራ። የእኔ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ በፈረንጆች፣ የዩኒቨርሲቲው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ስለተጻፈ፣ በ2014 ትምህርት ቤት ጨርሼ በ2007 ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሆንኩ፤ ይህን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ማብራሪያ ደብዳቤ አስቀድመሽ አጽፊ። እነሱም የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው፤ መዝገብ ላይ "ሾዋ 15 የተወለዱ" ሲል 1940 እ.ኤ.አ. ማለት ነው፤ በሾዋው ላይ 1925 ደምሪ። ፓስፖርትሽ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው ደረትሽ ላይ በምታደርጊው የስም ባጅ ላይ ይወጣል። እኔ ወሩን ሙሉ የተጠራሁት በአያቴ ስም ነው። አያቴ ከጎጃም ወጥቶ የማያውቅ ገበሬ ነበር፤ ነርሶቹ ስሙን "ሳን" ጨምረው በአክብሮት ሲጠሩት በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

የምትጾሚ ከሆነ፣ አትክልት የሚመስለው ሾርባ ሁሉ ዳሺ በሚባል የዓሣ መረቅ የተሠራ ሊሆን እንደሚችል እወቂ፤ ጠይቂ። ሩዝና ቶፉ አያሳፍሩሽም። ዋርድ ውስጥ ፎቶ በፍጹም አታንሺ፤ ምስጢር ለመጠበቅ ፈርመሽ ነው የምትገቢው።

በመጨረሻ የጤና ቅጹ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የኩፍኝ፣ የሩቤላ፣ የጆሮ ደግፍና የጉድፍ መከላከያ በደምሽ ውስጥ መኖሩን በላቦራቶሪ ውጤት እንድታሳዪ ይጠይቁሻል። የጆሮ ደግፍና የጉድፍ ክትባት በመደበኛው ክትባታችን ውስጥ ስለሌሉ ምርመራው የት እንደሚሠራ ከአሁኑ አጠያይቂ። ለሳንባ ነቀርሳ የደረት ኤክስሬይ ወይም የደም ምርመራ ያስፈልግሻል። የሄፓታይተስ ቢ ሦስቱ ክትባቶች ለማለቅ ስድስት ወር ይፈጃሉ፤ አንቺ ያለሽ ስምንት ወር ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያውን በዚህ ሳምንት ተወጊ።