ቀጋ፣ አጋም ወይስ እንጆሪ?

ጥያቄ፦ «ጫካ ዳር ቁመቴን የሚያህል እሾሃም ነገር አየሁ። አበባው ነጭ ነው፤ ጥሩ ይሸታል። ፍሬው ቀላ ያለና ድቡልቡል ነው። ማስታወሻዬ ላይ ‹እንጆሪ መሰል ፍሬ ያለው አገር በቀል የዱር አበባ› ብዬ ጻፍኩ። ጓደኞቼ ግን ተከራከሩኝ። አንዱ አጋም ነው አለ፣ አንዷ ቀጋ አለች፣ ሦስተኛው ‹የጽጌረዳ አበባ ነው፣ ከሰው ግቢ አምልጦ ነው› ብሎ ሳቀብኝ። ማን ነው ልክ? አጻጻፌስ ትክክል ነው? ደግሞ ቅጠሉ ባንድ ዘንግ ላይ ሰባት ሆኖ የተደረደረ ነው።»

መልስ፦ ቀጋ ነው። የለየልኝ አበባው አይደለም፤ ነጭና መልካም መዓዛ ያለው አበባ መዓት ነው። የለየልኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት። ሰባት ሆኖ የሚደረደር ቅጠል አጋም የለውም። የአጋም ቅጠል ነጠላ ነው፤ ወፈር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት የሚወጣ። አበባው ግን እሱም ነጭ ነው፣ እሱም ይሸታል። ስለዚህ «አጋም» ባለው ጓደኛዎ አልፈርድበትም። ሌላ ጊዜ ከተጠራጠሩ አንድ ቅጠል ቀንጠስ ያድርጉ። ነጭ ወተት ከወጣው አጋም ነው። ቀጋ ወተት የለውም። ፍሬያቸውም ሲበስል ይለያል፦ አጋም ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ ቀጋ ወደ ብርቱካናማ ቀይ።

እሾሁን ደግሞ ተረቱ ይነግረናል። «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» እንላለን። ለክፉ ጎረቤት የሚባል ነው፤ ግን መጀመሪያ የእጽዋት ትምህርት ነው። የአጋም እሾህ ቀጥ ያለና ረጅም ነው። ነፋስ በነቀነቀው ቁጥር አጠገቡ ያለውን ቁልቋል ይወጋዋል፤ ቁልቋሉም ወተቱን ያፈሳል። ልቅሶው ያ ነው። ቀጋ ለዚህ ተረት አይሆንም ነበር፤ እሾሁ ቆልመም ያለ ነው። አጋም ይወጋል፣ ቀጋ ይይዛል። ልጅ ሆኜ ቀጋ ለቀማ ገብቼ የወጣሁት ግማሽ እጅጌዬን ትቼ ነው።

አሁን ወደ «እንጆሪ መሰል» ልምጣ፤ ዋናው ጥያቄ እሱ ይመስለኛል። እንጆሪ ስንል አንባቢ የሚታየው ከብዙ ትንንሽ ፍሬዎች የተገጣጠመ፣ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል ነገር ነው። የእርስዎ ፍሬ ልሙጥ ነው። ታዲያ እንጆሪ ከየት መጣ? ከትርጉም ነው የመጣው። «ቤሪ» የሚል ቃል ሲያጋጥመን ቶሎ እንጆሪ እንለዋለን። አማርኛ ግን እነዚህን ሁሉ የሚጠቀልል አንድ ስም የለውም። አጋም አጋም ነው፣ ኮሽም ኮሽም ነው፣ እንኮይም እንኮይ። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አልቆጥረውም። በእጽዋት ሳይንስ እንኳ ቲማቲምና ሙዝ ቤሪ ሲሆኑ የጓሮ እንጆሪ ግን ቤሪ አይደለም፤ ጠቅላላ ስም ሁልጊዜ አይጠቅምም።

አማርኛ ስም ሲያጣ በመጠን ይናገራል። «አተር የሚያህል»፣ «የቡና ፍሬ የሚያህል» ይላል። ከ«መሰል» ይልቅ «የሚያህል»ን ይምረጡ። ከዚያ ቅርጹን ይጨምሩ፣ ከዚያ ጮርቃው ምን እንደሚመስል፣ ሲበስል ወደ ምን እንደሚለወጥ። ድቡልቡልነቱን ለማጉላት ከፈለጉ እምቧይም አለልዎ። «የእምቧይ ካብ» የምንለው እኮ እምቧይ ክብና ልሙጥ ስለሆነ ተደርድሮ ስለማይቆም ነው። (እምቧይ ወይስ እንቧይ? ሁለቱም ይጻፋል። «ን» ከ«በ» ፊት ስትመጣ አፋችን «ም» ያደርጋታል፤ ወንበርና ወምበር እንደምንለው።) እምቧይን ግን ለማነጻጸሪያ ብቻ ይያዙት፣ አይቅመሱት።

ጽጌረዳ ያሉት ጓደኛዎ ግማሽ ልክ ናቸው። ቀጋ የጽጌረዳ ወገን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው የእጽዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ነው ያሳተመው። ከሰሃራ በታች በተፈጥሮው የሚበቅል ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከማንም ግቢ አላመለጠም፤ መጤዎቹ የግቢዎቹ ናቸው።

«የጽጌረዳ አበባ» የሚለው ራሱ ደስ የሚል ድግግሞሽ ነው። በግዕዝ ጽጌ ማለት አበባ ነው። ረዳ ደግሞ ከግሪኩ ሮዶን የመጣ ነው፤ እሱም ይህንኑ አበባ ነው የሚለው። ስለዚህ አበባውን ሁለቴ ጠራነው። አላርምም። ጽጌ ዛሬ በጆሯችን አበባ ሆኖ የሚሰማን በሰው ስምና ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኀ ጽጌ ነው እንጂ፣ ጽጌረዳ ላይማ ተውጧል። የማልወደው «የዱር ጽጌረዳ» መባሉን ነው። ስም ያለውን ነገር ቅጽል አበድረን ለምን እንጠራዋለን?

«የዱር አበባ»ም ትንሽ ያሳስታል። የዱር አበባ ሲባል አንባቢ አደይን ነው የሚያስበው፤ ከመሬት ብዙም ከፍ የማይል፣ ለስላሳ ግንድ ያለው። ቀጋ ቁጥቋጦ ነው፤ ዛፍ ካገኘ ተንጠላጥሎ ብዙ ሜትር ይወጣል። «አገር በቀል» ግን በቦታው ነው፣ አይንኩት። ድርጅቱም እውቀቱም አገር በቀል በሚባልበት ዘመን ለሚበቅል ነገር ሲውል ደስ ይለኛል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ቀጋ፤ የጽጌረዳ ወገን የሆነ አገር በቀል እሾሃም ቁጥቋጦ። አበባው ነጭ፣ ባለ መዓዛ። ፍሬው የቡና ፍሬ የሚያህል፣ ልሙጥ፣ ሲበስል ብርቱካናማ ቀይ።» ቦታ ከተረፈዎት እሾሁ ቆልማማ መሆኑን ይጨምሩ፤ የሚቀጥለው ሰው እጅጌው ይተርፍለታል።