ስብከት እየሰሙ ማስታወሻ መያዝ ለምን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ ስብከት ስሰማ ዝም ብዬ በጥሞና ማዳመጥ ነው የምወደው። አጠገቤ የሚቀመጡት ግን ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጽፋሉ። ባለፈው አንዷ እህት «አንቺ ለምን አትጽፊም? ቃሉን አትፈልጊውም እንዴ?» አለችኝና ከፋኝ። ጌታ መንፈስ ቅዱስ ያሳስባችኋል ብሎ የለም ወይ? ታዲያ ሰው ለምን ይጽፋል? እኔስ ባለመጻፌ የሚጎድልብኝ ነገር አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ። ከከፋሽ ነገር ልጀምር። ስብከት እየሰሙ አለመጻፍ ኃጢአት አይደለም። «ስብከት ስትሰሙ ጻፉ» የሚል ትእዛዝ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ብዙዎች ዕንባቆም 2፥2 ላይ ያለውን «ራእዩን ጻፍ» የሚለውን ያነሳሉ። እሱ ግን ለነቢዩ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ ራእዩን ሌሎች እንዲያነቡት ጽላት ላይ እንዲያሰፍር። ሰሚው ላይ ግዴታ አድርገን ልንጭነው አይገባም። ለቃሉ ያለሽን ፍቅርም ማንም በደብተር ሊለካብሽ አይችልም።

አንድ የማውቃቸው እናት አሉ። ማንበብም መጻፍም አይችሉም። ስብከቱ ሲያልቅ በር ላይ ይጠብቁኝና «ልጄ፣ የዛሬዋን ቃል እስቲ ድገምልኝ» ይሉኛል። እደግምላቸዋለሁ። እሳቸውም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሦስት አራት ጊዜ ይሏትና እዚያው እየደጋገሟት ይሄዳሉ። በሳምንቱ ስጠይቃቸው ቃሏ አለች። ምዕራፍና ቁጥሩ ቢጠፋባቸውም ቃሏ አለች፤ ያውም በሳምንቱ ውስጥ በእሷ ምን እንዳደረጉባት ጭምር ይነግሩኛል፣ ማንን ይቅር እንዳሉ፣ ማንን ሄደው እንደጠየቁ። ያዕቆብ ቃሉን አድራጊዎች ሁኑ ያለው እንደ እሳቸው ያለውን ይመስለኛል።

ግን ልብ በይ። እሳቸውም ቃሉን የሚይዙበት መንገድ አላቸው። ይጠይቃሉ፣ ይደግማሉ፣ ይሠሩበታል። አንቺስ በምን ትይዥዋለሽ? በጥሞና ማዳመጥ ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ የሚመጣው ከወጣን በኋላ ነው። ሰው «ዛሬ ምን ተሰበከ?» ሲልሽ «ኧረ በጣም ደስ የሚል ነበር» ብለሽ ከዚያ በላይ አልመጣ ካለሽ፣ ደስታው ቀርቶልሽ ቃሉ ሄዷል ማለት ነው።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ጥናት አለ። ትርጉም የሌላቸው አጫጭር ድምፆችን በቃሉ እያጠና፣ ቆይቶ ምን ያህሉ እንደቀረለት በራሱ ላይ ፈተነ። ከሚረሳው ብዙው የሚጠፋው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሆነ አገኘ፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ቀስ ይላል። ስብከት ትርጉም ያለው ነገር ስለሆነ እንደዚያ ቶሎ ላይጠፋ ይችላል። ግን ያዕቆብም 1፥24 ላይ ፊቱን በመስተዋት አይቶ ስለሚሄደው ሰው ሲናገር «ወዲያውም» ይረሳል ነው ያለው። እስከ ማታ እንኳን አላቆየውም።

መንፈስ ቅዱስ ያሳስባል ያልሽው እውነት ነው፣ ዮሐንስ 14፥26። ጥቅሱን ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው፦ «እኔም የነገርኋችሁን ሁሉ ያሳስባችኋል» ይላል። ማሳሰብ የሚኖረው መጀመሪያ የተሰማ ነገር ሲኖር ነው። ደግሞ ጌታ ያን ቃል በተናገረባት ሌሊት ከሰሙት አንዱ ዮሐንስ ነው፤ መንፈስ ቅዱስ ያሳስበኛል ብሎ አልተወውም፣ ጽፎ አቆየልን። የመንፈስ ቅዱስ ሥራና የሰው ብዕር አልተጣሉም።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ምክንያት ግን ሐዋርያት ሥራ 17፥11 ላይ ያሉት የቤርያ ሰዎች ናቸው። የሰበከላቸው ጳውሎስ ነው፣ ሐዋርያው ራሱ! እነሱ ግን «ነገሩ እንደዚሁ ይሆንን?» ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። ምን እንደተባለ ያልያዘ ሰው ምኑን ይመረምራል? እኛ ሰባኪዎች እንሳሳታለን። አንድ ቀን አንድ ጥቅስ ከማይገኝበት ቦታ ጠቅሼ ሰበክሁ። አንዲት ወጣት ደብተሯን ይዛ መጣችና «መምህር፣ ይቺን ቦታ ቤቴ ገብቼ ፈልጌ አጣኋት» አለችኝ። መጽሐፏን ከፈተች፣ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አደረገች። ልክ ነበረች። በሚቀጥለው ጉባኤ ቆሜ አስተካከልሁ። ባትጽፈው ኖሮ ያ ስህተት በስንት ሰው ልብ ተቀምጦ ይቀር ነበር? ስለዚህ ስሰብክ የሚጽፍ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም እጠነቀቃለሁ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ዘመን የኖሩት ዮሐንስ አፈወርቅና አውግስጢኖስ ቆመው ሲሰብኩ ከአፋቸው እየቀለቡ በፍጥነት የሚጽፉ ጸሐፊዎች ነበሩ። ዛሬ የምናነባቸው ብዙዎቹ ስብከቶቻቸው የደረሱን በእነዚያ እጆች ነው።

አሁን ደግሞ ለሚጽፉት ልናገር፣ ለዚያች እህትም ብታነብቢላት ደስ ይለኛል። ሁሉን ለመጻፍ የሚሮጥ ሰው አይሰማም። ጆሮው ያለፈውን ዓረፍተ ነገር እያሳደደ አዲሱ ያመልጠዋል። የሚበቃው ትንሽ ነው፦ የተነበበው ክፍል፣ የመልእክቱ ፍሬ በራስሽ ቃል፣ ያልገባሽ ጥያቄ ካለ እሱ፣ እና ላደርገው ይገባኛል የምትይው አንድ ነገር። የጸሎት ሰዓት ሲሆን እስክሪብቶውን አስቀምጪው። በስልክ የምትጽፊ ከሆነ ኔትወርኩን አጥፊው፤ አንድ መልእክት ብልጭ ካለ ልብሽ ከዚያ ወጥቷል። «ቀርጬዋለሁ፣ ኋላ እሰማዋለሁ» የሚሉም አሉ። ከሰሙት ጥሩ ነው። ብዙው ግን ስልክ ውስጥ እንደተኛ ይቀራል።

በራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። ከጥቂት ጊዜ በፊት የቆየ ደብተሬን ሳገላብጥ ስለ ይቅርታ የተሰበከበት ቀን ገጽ ላይ ደረስሁ። ግርጌው ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ «ዛሬውኑ ደውልለት» ይላል፣ ከሥሩ ሁለት መስመር ተሰምሮበታል። ለማን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። ከተጻፈ አምስት ወር ሆኖታል፣ አልደወልሁም። ደብተሩን እንደያዝሁ እዚያው ደወልሁ። ያን ስብከት ማን እንደሰበከው እንኳን አላስታውስም ነበር። ያቺ መስመር ባትኖር ግን ያ ወንድሜ እስከ ዛሬም ስልኬን እየጠበቀ ይሆን ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ማዳመጥሽን አትተዪ። በሚቀጥለው ስብከቱ እስኪያልቅ እንደ ልማድሽ ዝም ብለሽ ስሚ፤ ከዚያ ከመቀመጫሽ ሳትነሺ አንድ መስመር ብቻ ጻፊ። ረቡዕ ወይ ሐሙስ ላይ ለዚያች እህት ደውዪላትና «አንቺ ምን ጻፍሽ?» በያት፣ የአንቺንም አንብቢላት። ቅያሜውም በዚያው ይለቃችኋል።