ማድሪጋል ለምትቀዱ ወጣቶች

ውድ ወጣት የድምፅ ቀረጻ ባለሙያዎች፣

የጣልያን ማድሪጋል እንድትቀዱ ስትጠሩ፣ ማይክሮፎን ከመምረጣችሁ በፊት ከዘፋኞቹ ጋር ተቀምጣችሁ ግጥሙን ቃል በቃል እንድታነቡ አደራ እላችኋለሁ። ማድሪጋል በግጥም ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአምስት ድምፅ፣ የሚደረስ ዓለማዊ ዜማ ሲሆን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ባሮክ የሚባለው ዘመን ሲጀምር፣ ግጥሙ የሙዚቃውን ሕግ የማስጣስ ሥልጣን እስከ ማግኘት ደርሶ ነበር።

ጣልያናዊው የዜማ ደራሲ ክላውዲዮ ሞንቴቨርዲ «ክሩዳ አማሪሊ» በተሰኘው ማድሪጋሉ «ወዮልኝ» በሚለው ቃል ላይ ሶፕራኖዋን፣ ማለትም ከፍተኛውን ድምፅ የምትዘፍነውን፣ ያለ አንዳች መንደርደሪያ ከባሱ፣ ከዝቅተኛው ድምፅ፣ ጋር በሚጋጭ ድምፅ አስገባት። ጆቫኒ ማሪያ አርቱዚ የተባለው የሙዚቃ ሊቅ በ1600 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን እንደ ጥፋት ቆጥሮ ነቀፈው፤ ሞንቴቨርዲ ግን በ1605 ይህንኑ ዜማ የአምስተኛው የማድሪጋል መጽሐፉ መክፈቻ አደረገው፤ ወንድሙም በ1607 ባወጣው ማብራሪያ ቃል የድምፆች ስምምነት (የሃርመኒ) እመቤት እንጂ ገረድ አለመሆኗን አስረዳ። ይህን ክርክር የማነሳው ለማይክሮፎን አቀማመጥ ስል ነው። በትልቅ ካቴድራል ውስጥ ከቀዳችሁት፣ ያለፈው ድምፅ አስተጋብቶ ሳያበቃ አዲሱ ስለሚደርስበት፣ ያ አርቱዚን ያስቆጣው ግጭት ተድበስብሶ ያልፋል፤ አድማጩም ስለ ምን «ወዮልኝ» እንደተባለ ሳይሰማው ይቀራል። እነዚህ ዜማዎች በማንቱዋና በፌራራ መሳፍንት ቤት ክፍሎች ውስጥ ሲዘፈኑ የኖሩ ናቸውና፣ ወለሉ እንጨት የሆነ፣ ድምፅ ቶሎ የሚበርድበት አዳራሽ ፈልጉ። ዘፋኞቹን በግማሽ ክብ አቀራርባችሁ አቁሟቸው፤ በዘመኑ እያንዳንዱ ዘፋኝ በእጁ የሚይዘው የራሱን ድምፅ ብቻ የያዘ መጽሐፍ ስለነበር የሌላውን የሚያውቀው በጆሮው ነበር፤ እኛም ለየብቻ ከልለን ብናቆማቸው ያንን ጆሮ እንነሣቸዋለን።

ለመቃኛ የሚሆን ሰዓትም ሳትሰስቱ መድቡ። በዚያ ዘመን በተለመደው ቅኝት፣ ከፒያኖ በፊት በነበረው ባለ ክር የቁልፍ መሣሪያ በሀርፕሲኮርድ ላይ፣ ከዶ እስከ ሚ ያለው ርቀት ፍጹም ንጹሕ ነው፤ የዛሬው ፒያኖ ግን በ14 ሴንት ገደማ ያሰፋዋል (ሴንት የፒያኖ ሁለት ተከታታይ ቁልፎች ርቀት አንድ መቶኛ ነው)፤ በፒያኖ የተለማመደ ዘፋኝ ንጹሑን እስኪለምድ ድረስ ዝቅ ያለ ይመስለዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ በ1638 በታተመው የሞንቴቨርዲ ስምንተኛ የማድሪጋል መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው «የኒምፏ ሙሾ» ነው፤ ኒምፍ በግሪክ ተረት የደንና የውኃ ልጃገረድ መንፈስ ናት። ከሥር አራት የሚወርዱ የባስ ድምፆች ያለ ማቋረጥ ይደጋገማሉ፤ ሦስት ወንዶች ስለ እርሷ ያዝናሉ፤ እርሷ ጥሏት ስለሄደው ወዳጇ ታለቅሳለች። ሞንቴቨርዲ ራሱ ወንዶቹ በእጅ በሚመታው ቋሚ ምት፣ እርሷ ግን በነፍሷ ስሜት ምት እንድትዘፍን አሳስቧል። ለቅሶ ቤት ሙሾ ሲወርድ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። እኔ ግን በወጣትነቴ ቅጂውን ቆርጦ መቀጠል እንዲቀለኝ ስል በሁሉም ጆሮ በማዳመጫ የሜትሮኖም፣ ማለትም እኩል ምት የሚቆጥር መሣሪያ፣ ምት አስገባሁ። ዘፋኟ አንድም ቦታ አልሳተችም፤ ማታ ብቻዬን ሳዳምጠው ግን በዚያ ቅጂ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ማዳመጫዎቹን ሰብስቤ ሁሉም በዓይን እንዲተያዩ አቆምኳቸው። እርሷ አንዴ ከባሱ ወደ ኋላ እየቀረች፣ አንዴ እየቀደመችው ዘፈነች፤ ወንዶቹም ዓይናቸውን ሳይነቅሉባት «ምስኪን» እያሉ በምታቸው ጸኑ። እንዲህ የተዘፈነ ቅጂ ከሌላው ጋር ተቆርጦ አይቀጠልምና፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሦስት ጊዜ ቀድተን ሁለተኛውን እንዳለ አሳተምነው።